ዓይኔን ጨፍኜ የላክሁት ጸሎት

ከጸሎት በኋላ ሰው ይቀለዋል። ያን ቅዳሜ ረፋድ ከጉልበቴ ስነሣ እኔም ቀልሎኝ ነበር። ፊቴን ታጠብኩ፣ ሻርፔን ደረብኩ፣ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ቅዳሜ የአዳራሹን ወንበር የምንወለውለው እኛ እናቶች ነን። ሁለት ሰዓት ያህል ስወለውል መዝሙር ከአፌ አልጠፋም። በዚያው ሁለት ሰዓት ውስጥ ጸሎቴን የማላውቃቸው ሰዎች ሲቀባበሉት ነበር።

ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ዓመት ግድም ነው፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ሲዳማ ውስጥ፣ አዲስ ከተማ በሚባል ሰፈር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ፋይል አውጥቼ ፋይል መልሻለሁ። ባለቤቴ ወደ ጌታ ከሄደ ቆይቷል። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ ሜሮን። እሷን ያገኘኋት በተጋባን በሰባተኛው ዓመት ነው። ስለ እሷ ሳላመሰግን ያለፈ ቀን ትዝ አይለኝም። ያኔ ልትዳር ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

አስቴር ደግሞ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። አባቶቻችን ሁለቱም ከዳሌ ወረዳ ናቸው። አንድ መዘምራን ውስጥ፣ አንድ ረድፍ ላይ ቆመን ነው ያደግነው። በአራት ወር ትበልጠኛለች። ልጅ አጥቼ ባለቀስኩባቸው ሰባት ዓመታት አብራኝ የጾመችው እሷ ናት። እሷም ልጅ አልነበራትም። እኔ ሜሮንን ስወልድ ሆስፒታል ድረስ መጥታ ልጄን ካቀፈቻት በኋላ ለረጅም ጊዜ አላስቀመጠቻትም። በሰላሳ ስድስት ዓመቷ ባሏ ሄደ። ለሰው ሁሉ ውጭ አገር ሥራ አግኝቶ ነው አለች። እውነቱን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው፤ ጓዳዬ ውስጥ፣ በሩን ዘግተን።

ከዚያ በኋላ አስቴር በከተማችን ዳር፣ ቡሹሎ ባለው ቤቷ ልብስ መሸጥ ጀመረች። በመጀመሪያ ለጎረቤት፣ ቀጥሎ በስልክ። ልብሱን ራሷ ለብሳ ትቀረጻለች። ጸጉሯን አሳጠረች። ጂንስና ነጭ ስኒከር ማድረግ ጀመረች። ሰው ዕድሜዋን ሲጠይቃት፣ «እኔ የምለብሰው የተወለድኩበትን ዘመን አይደለም፤ የምኖርበትን ነው» ትላለች። ይህቺን አነጋገሯን ወጣቶቹ ወደዱላት። አስቱ ይሏታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መንገድ ላይ አቁመዋት አብረዋት ፎቶ ይነሣሉ። ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ከኮረዶች መሃል ሆና የቀረጸችውን እኔ ሳልቀር መሥሪያ ቤት ውስጥ ተደብቄ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

አንድ ቀን አብረን ባጃጅ ተሳፈርን። ነጂው ልጅ ሒሳብ ሲቀበል እኔን «ማዘር፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ» አለኝ። እሷን ግን «እህት፣ መልስሽን» አላት። አስቴር ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያቺ ሳቅ ግን ሳምንት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ቅናት ብዬ አልጠራሁትም። በእኛ በአማኞች ቤት እንዲህ ያለውን ነገር የምንጠራበት ሌላ ስም አለን፤ ሸክም እንለዋለን። አብረውኝ ለሚጸልዩት አራት እህቶች «ስለ አስቴር ሸክም አለኝ» አልኳቸው። ዓለም እየወሰዳት ነው፣ ጂንሱ፣ ጭፈራው እያልኩ ዘረዘርኩ። እነሱም አዘኑ። ከዚያ ወዲያ ስሟ ከጸሎት ርዕሳችን አልወጣም። የማለዳ እህቶች የሚባል ግሩፕ ስልካችን ላይ ስላለን፣ መገናኘት ያልቻልን ቀን እያንዳንዳችን ጸሎታችንን በድምፅ ቀድተን እንልካለን። ሌሎቹ ሰምተው አሜን ይላሉ።

እውነተኛው ነገር ግን ጂንሱ አልነበረም። ሜሮን ነበረች።

ሜሮን በአዘቦት ቀን ፋርማሲ ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አስቴር ዘንድ ሄዳ ልብስ ለብሳ ትቀረጻለች፣ ዕቃ ታሽጋለች። ቤት ስትመጣ ድካም ነው። እራት እንበላለን፣ እጸልያለሁ፣ አሜን ትላለች፣ ስልኳን ይዛ ክፍሏ ትገባለች። የልጄን ሳቅ የምሰማው ከአስቴር ቪዲዮ ውስጥ ሆነ። እዚያ ውስጥ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። «አስቱዬ፣ ገደልሽኝ» ትላለች። እኔ እንዲህ አስቄያት አላውቅም።

ልብስ እንድመርጥ ብላ ሜሮን ራሷ የአስቴር ደንበኞች ግሩፕ ውስጥ አስገባችኝ። ስልኬ ላይ ስሜን «የሜሮን እናት» ብላ ነው የጻፈችው። አንድ ጊዜ ደፍሬ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ሥር፣ ይህ ለእኔ ይሆናል ወይ ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ልጅ ቀድማ መለሰችልኝ። «ማዘር፣ ይሄ ለወጣት ነው፤ ለልጅሽ ውሰጂላት» አለች። አስቴር ቆይታ፣ ዕድሜን ተዪውና መጥተሽ ለኪው ብላ ጻፈችልኝ። አልሄድኩም። የልጅቷን መልስ ረስቼ በአስቴር መልስ ተቀየምኩ። ቅናት እንዲህ ነው፤ የሰደበሽን ይተውና ያጽናናሽን ይይዛል።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ።

ሜሮን ጠዋት ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች። ቬሎ የምንመርጠው በሚቀጥለው ሳምንት ነው ብላኝ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ስልኬን ስከፍት የአስቴር ግሩፕ ውስጥ ፎቶ ተለጥፏል። ልጄ ቬሎ ለብሳለች። አስቴር ከኋላዋ ቆማ የራስ መሸፈኛዋን ታስተካክልላታለች። ሁለቱም መስታወት ውስጥ እየተያዩ ይስቃሉ።

ልጄን በቬሎ ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንዳያት አላውቅም።

ከሥሩ አንዷ እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ «እናትና ልጅ፣ እንዴት ታምራላችሁ።» ሌላዋ፣ «እናቷ ናት እንዴ? እህቷ ነው የመሰለችኝ።» አስቴር ለመጀመሪያዋ ቀይ ልብ አድርጋላታለች።

ጠበቅሁ። እናቷ አይደለሁም ብላ ትጽፋለች ብዬ ጠበቅሁ። የግድግዳው ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቆጥር ስልኩን ይዤ ቆሜ ነበር። አልጻፈችም።

መነጽሬን አውልቄ አልጋዬ ሥር ተንበረከክሁ። ለእህቶች ልላክ ብዬ የድምፁን ምልክት ተጫንኩ፤ ጣቴን ወደ ላይ አንሸራትቼ እንዲቆለፍ አደረግሁ፤ ሜሮን ናት ያስተማረችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እኛ ስንጸልይ ዓይናችንን እንጨፍናለን። ከአስቴር ግሩፕ እንዳልወጣሁ አላየሁም።

ብዙ አለቀስኩ። ካልኩት ውስጥ መድገም የምችለው ይህን ነው፤

«ጌታ ሆይ፣ ይህቺን ሴት ታውቃታለህ። ሁለት ጊዜ የፀነሰችውን የወሰድክባት አንተ ነህ። ባሏ ውጭ አገር አለመሆኑን፣ መውለድ ባትችል ጥሏት መሄዱን ታውቃለህ። ማህፀኗን የዘጋኸው አንተ ነህ። የራሷን ልጅ ከከለከልካት፣ የእኔን እንድትወስድ አትፍቀድላት።»

አሜን ብዬ፣ እንባዬን ሳልጠርግ ላክሁት። ከዚያ ነው ቀልሎኝ የተነሣሁት።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ስልኬ መልእክት ሞልቶታል። እህቶች ናቸው ብዬ ደስ አለኝ። መነጽሬን አደረግሁ። የመጀመሪያው «አሜን» ይላል። ስሙን አላውቀውም። ሁለተኛው «ማዘር፣ ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። ሦስተኛዋ አስቴርን ጠርታ «አስቱ፣ እውነት ነው እንዴ?» ትላለች። ቀጥሎ የሚስቁ ፊቶች፣ የሚያለቅሱ ፊቶች። ከሁሉ መሃል አንዷ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ አረንጓዴው ቀሚስ ዋጋው ስንት እንደሆነ ትጠይቃለች።

ከላይ የግሩፑን ስም አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ለማጥፋት ሞከርኩ፤ ሁለት ጊዜ ሌላ ምልክት ተጫንኩ። በመጨረሻ ጠፋ። ነገር ግን የሰሙት ከሰሙ በኋላ፣ ወደ ሌላ የላኩትም ከላኩ በኋላ ነው።

ሜሮን ሰባት ጊዜ ደውላ ነበር። መልሼ ልደውል ስል በሩ ተከፈተ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን ሳታወርድ ፊት ለፊቴ ቆመችና ስልኳን አውጥታ አጫወተችው። የራሴን ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰማችኝ። ድምፄ የጸሎት ድምፅ ነበረው። ይህን ነው እስከ ዛሬ ያልረሳሁት፤ መንቀጥቀጡ፣ ልመናው፣ ሁሉም እንደ ጸሎት ነበር። ቃሉ ብቻ ቢላ ነው።

«እማዬ፣ እውነት ነው?» አለች። «የሁለቱ ልጆች ነገር?»

ሜሮን አታውቅም ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

«በእህቶች ግሩፕ ልልከው ነበር» አልኳት። ማመካኛ ይሆነኛል ብዬ ነው የተናገርኩት።

«እና ለእነሱ ብትልኪው ጥሩ ነበር?»

መነጽሬን አወለቅሁ።

አስቴር ቬሎ ቤቱ ውስጥ ሳለች፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ድምፁን ከፍታ እንደሰማችው ሜሮን ነገረችኝ። እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ ስልኳን ዘግታ፣ ምንም ሳትል በባጃጅ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ሜሮን ከነቬሎው እስከ በር ተከትላት መመለሷን ነገረችኝ።

ስለ ፎቶው፣ ስለ «እናትና ልጅ» ላነሣባት ሞከርኩ። ለምን ከእኔ ተደብቃ ከእሷ ጋር እንደሄደች ጠየቅኳት። ያን ጊዜ ነው ድምጿ የተሰበረው።

«ከአንቺ ጋር ስሄድ የምናወራው ስለ እሷ ነው» አለችኝ። «ምን ለበሰች፣ ምን አለች፣ ስንት ሰው አያት። ላገባ ሁለት ሳምንት ቀረኝ፤ ትፈሪያለሽ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? እሷ ጠይቃኛለች።»

ከዚያ ክፍሏ ገብታ ሻንጣ ያዘች። አክስቷ ዘንድ፣ ፒያሳ፣ ልትሄድ ነው። በሩ ላይ ቆማ ያለችኝን እንዳለችው ልጻፍ፤ «አስቱ ይቅር ካላለችሽ፣ እኔ ከዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ አልወጣም። ከአክስቴ ቤት ነው የምወጣው።»

ልጅ የዳረ ያውቃል። ሙሽራዋ የምትወጣው ከእናቷ ቤት ነው። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጥቶ የሚያንኳኳው ያንን በር ነው። ባሌ በሕይወት እያለ ያን የውጭ በር ሲያሳድስ፣ የሜሮን የሰርግ መኪና እንዲገባ ብሎ ነው ያሰፋው። ሃያ አምስት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ከሌላ ሰው በር ሊወጣ ነው። እሱም በራሴ አፍ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ቡሹሎ ሄድኩ። በባጃጁ ውስጥ የምለውን እያሰናዳሁ ነበር፤ ስደርስ አንዱም አልቀረልኝም። አንኳኳሁ። ቆይታ ከፈተች። ፀጉሯ ሥር ሽበቱ ወጥቶ ይታያል፤ ለካ በየሳምንቱ ነው የምትቀባው። ያደፈ የቤት ቀሚስ ለብሳለች። እንደዚያ ሆና ሳያት፣ አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ ከኀፍረቴ ቀድሞ የመጣው ሌላ ሐሳብ ነው፤ «እሷም አርጅታለች» አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ ማለት ነው። እዚያ በር ላይ ሆኜ እንኳ ደስ አለኝ። የተያዝኩበትን ነገር ስም ያን ቀን ያለ ማመካኛ አወቅሁት።

በሲዳምኛ ይቅር በዪኝ አልኳት። እኔና እሷ ብቻችንን ስንሆን በሌላ ቋንቋ አውርተን አናውቅም።

በአማርኛ መለሰችልኝ። «ሐሰት ብትናገሪ ኖሮ ሐሰት ነው እል ነበር» አለች። «ሐሰት አልተናገርሽም። ምን ብዬ ላስተባብል?»

ደጃፏ ላይ ተንበረከክሁ። አላነሣችኝም፤ ተነሺም አላለችኝም። እንደ እንግዳ ሰው አየችኝ።

«ለእኔ ነው ወይስ ለሜሮን ሰርግ ነው የተንበረከክሽው?» አለችኝ።

ብዋሽ ታውቃለች። «ለሁለቱም» አልኳት።

«የፈሰሰ አይታፈስም፣ ወርቅነሽ» አለች። ወርቄ ነበር የምትለኝ። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ከእኔ ጋር የምትሠራው ልጅ ስታየኝ ስልኳን በፊቱ ደፋችው። መሥሪያ ቤቱም ደርሷል ማለት ነው። ከእህቶች አንዷ ደውላ፣ አይዞሽ፣ ሰይጣን ነው የጣለሽ አለችኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። ስልኩን የተጫነችው የራሴ ጣት ናት፤ በአፌ የተናገርኩትም እኔ ነኝ።

የቀኑን ግማሽ ፋይሎቹ መሃል ቆሜ አሰብኩ። ሜሮን ያለችኝ ነገር አልለቀቀኝም፤ ለእነሱ ብትልኪው ጥሩ ነበር ወይ? ጸሎቱ ወደ ትክክለኛው ግሩፕ ቢሄድ ኖሮ አራት ሴቶች አሜን ይሉኝ ነበር። እኔም እስከ ዛሬ ጥሩ ጸሎት ጸለይኩ ብዬ እኖር ነበር። የአስቴር ምስጢር በአራት ሰው አፍ እየተመላለሰ፣ እሷ ሳታውቅ፣ «ጸልዩላት» እየተባለ ይዞር ነበር። ስህተቱ የጣቴ አልነበረም። ጣቴ ያደረገችው ገልጦ ማሳየት ብቻ ነው።

ለአስቴር በጽሑፍ ላክሁላት፤ ግሩፑ ውስጥ ልናገር ነው፤ የምናገረው ስለ እኔ ብቻ ነው፤ አትናገሪ ካልሽኝ እተዋለሁ አልኳት። አነበበችው። አልመለሰችም። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። ከግሩፑም አላስወጣችኝም።

በምሳ ሰዓት መደርደሪያዎቹ መሃል ገባሁ። መነጽሬን አደረግሁ። የግሩፑን ስም ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ዓይኔን ገልጬ እንዲህ አልኩ፤

«እኔ የሜሮን እናት ነኝ። ቅዳሜ የሰማችሁት ጸሎት አልነበረም፤ ቅናት ነው። የሰው አደራ በላሁ። አስቴር ልጄን አልወሰደችብኝም። እኔ ልጄን ትቼ እሷን ስመለከት ነው የከረምኩት። ስትለብስ ቀናሁ፣ ስትስቅ ቀናሁ፣ ባጃጅ ነጂ እህት ሲላት ቀናሁ። እኔ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እኩዮች ነን። እንዲያውም በአራት ወር ትበልጠኛለች። ድምፁን የያዛችሁ እባካችሁ አጥፉት። ለሌላ አትላኩት። ይኸው ነው።»

ላክሁት። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ብዙዎቹ ዝም አሉ። አንዷ «እኔም እህቴ ላይ እንዲህ ነኝ» ብላ ጻፈች። አንዱ ወንድ ልጅ ማስመሰል ነው አለ። ከሥር ግን ሌላ ነገር ተጀመረ፤ «ቆይ፣ አስቱ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው?» «በአራት ወር ትበልጣለች ነው የምትለው።» «አይደረግም፣ አርባ አንድ ነው የምትለው።» «አስቱ፣ ውጪና ተናገሪ፤ መታወቂያ አምጪ።»

ደነገጥኩ። ሌላ ምስጢር አወጣሁ። ለሰው አርባ አንድ እንደምትል አላውቅም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አስቴር ናት። አነሣሁት።  ከዚያ በሲዳምኛ፣ «ሌላው ይሁን» አለችኝ፣ «አራት ወሯን ግን ምን አመጣት?»

መሳቅ አልደፈርኩም። ከዚያኛው ጫፍ ግን ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰማሁ፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። ሁለቱም ይመስለኛል። ነገ ነዪ ብላ ዘጋችው።

ማክሰኞ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ሄድኩ። ሳሎኗ ልብስ ተሰቅሎ ሞልቷል። የልብስ ክምር ገፍታ ቦታ ሠራችልኝ። ውኃ አቀረበችልኝ። ውኃውን ይዤ ተቀመጥኩ።

ስለ ፎቶው አልጠየቅኳትም፤ ራሷ ጀመረችው።

«እናትና ልጅ ያለችውን አይቼዋለሁ» አለች። «ላርማት ነበር። ጽፌ ጨርሼ ነበር። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ይቆይ አልኩ። ለአንድ ሰዓት። ማንም የማይጎዳ መስሎኝ ነው፣ ወርቄ።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ሰባት ዓመት አብራኝ ጾማ ነበር። ለእኔ ሲሰጠኝ አብራኝ እልል ብላለች። እኔ ከዚያ በኋላ ስለ እሷ አንድ ቀን ጾሜ አላውቅም። የአሥር ደቂቃ እናትነት ነው የነፈግኋት።

«እኔም ቀንቼብሻለሁ» አለችኝ። «መንገድ ላይ የሚያስቆሙኝ ልጆች ፎቶ ይነሡና ይሄዳሉ። አንቺ ቤት ማታ በሩን ከፍታ የምትገባ ሰው አለች። ጂንሱን የለበስኩት ለመሸጥ ነው። ቤት ስገባ የማወልቀውን የሚያይ የለም።»

እጇን ያዝኩ። ይቅር ብዬሻለሁ አለችኝ። ወዲያው ደግሞ፣ ድምጿን ሳትለውጥ፣ «ምስጢሬን ግን ከእንግዲህ አልነግርሽም» አለች። «ቂም አይደለም። መጠንቀቅ ነው።»

ይህ ትክክል ነው። ሲነገረኝ ግን ከደጃፉ መንበርከክ ይልቅ አመመኝ።

ረቡዕ ሜሮን ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። አስቴር ደውላላት ነበር። ክፍሏ ገብቼ አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩና ትፈሪያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ብዙ ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። ሰምቼ ብቻ ዝም አልኩ። ምክር ሳልሰጣት ስወጣ ተገርማ አየችኝ።

በሰርጉ ቀን ልጄ ከቤቴ ወጣች። ቬሎው ከኋላ ብዙ ቁልፍ ነበረው፤ አስቴር ናት የቆለፈችው። የልጄ ጀርባ ላይ ጣቷ ሲሄድ አየሁና ያቺ የማውቃት ነገር ደረቴ ላይ ቆነጠጠችኝ። ፎቶ አንሺው ሦስታችንን አቁሞ ሲያነሣ፣ ሜሮን ወደ ማን ዘንበል እንዳለች ቆጥሬያለሁ። ቅናቱ ሙሉ በሙሉ ለቆኛል ብዬ አልዋሻችሁም። ልዩነቱ አሁን ስሙን ማወቄ ነው። ሲመጣ ሸክም ብዬ አላስገባውም።

የምታነቡኝ እናቶች፣ የምላችሁ ትንሽ ነው። ስልክ ላይ የምታዩት ሰው ሁሉ ወጣት፣ ሁሉ ተወዳጅ ይመስላል። እኛን ማዘር ብሎ ወደ ዳር የሚገፋን ዘመን መጣ ብለን እናዝናለን። እኔ ግን ዳር የቆምኩት በዕድሜዬ አልነበረም። አስቴር አራት ወር ትበልጠኝ የለ? ዳር የቆምኩት ዓይኔ የሌላ ሰው ቤት ስለነበረ ነው። ለጸሎት የሰው ስም ስትጠሩ ደግሞ፣ ያ ሰው በር ላይ ቆሞ ቢሰማችሁ የምትቀጥሉበት መሆኑን እዩ። እኔ አሁን የሰው ነገር በድምፅ ቀድቼ አልልክም። ከማለዳ እህቶች ጋር ሆነን ተስማምተን፣ ጉዳዩን ሳንዘረዝር ስም ብቻ እንጠራለን። በአደባባይ ተዋርጄ የተማርኩት ነው። ተዋርጄም አመሰግናለሁ፤ ባልዋረድ ኖሮ ዛሬም አሜን እየተባልኩ እኖር ነበር።

ባለፈው ወር፣ ጠዋት ለሥራ ስዘጋጅ፣ አስቴር ደወለች። ድምጿ ልክ አልነበረም። «ጸልዪልኝ» አለችኝ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ስለ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰውን ጥያቄ ዋጥኩት።

እሺ አልኳት። ስልኩን አጥፍቼ በሌላ ክፍል አስቀመጥኩት። ስሟን ብቻ ይዤ ተንበረከክሁ።